ሃያ ስምንት ፍሬም

በ1970ዎቹ አንድ የአሜሪካ ከተማ ከንቲባ ቴሌቪዥን ላይ መታየት ሲፈልግ ጋዜጠኞችን የሚጠራው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠራ ከንቲባ ወይ ለወንበሩ አዲስ ነው፣ ወይ ደግሞ «መግለጫ ሰጥቻለሁ» ለማለት ያህል እየሰጠ ማንም ባያየው የሚመርጥ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ጥቂት አልነበረም።

ይህን ሰዓት የወሰነው ሕግ አይደለም፣ የጋዜጠኞች ስንፍናም አይደለም። የወሰነው በየጣቢያው ምድር ቤት ውስጥ ሲያጉረመርም የሚውለው የፊልም ማጠቢያ ማሽን ነው። የከተማው ዜና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ፊልሙ ታጥቦ እስኪደርቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለማየት፣ ለመቁረጥና ለመቀጠል ደግሞ ቢያንስ ሌላ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። ካሜራማኑ ከሥፍራው እስኪመለስ ያለው መንገድም አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ የሆነ ነገር፣ እሳት ወይም ግድያ ካልሆነ በስተቀር፣ ለዚያ ምሽት እንዳልሆነ ይቆጠራል። ከንቲባውም፣ የፖሊስ አዛዡም፣ አድማ የጠራው የሠራተኛ ማኅበርም ይህን ያውቃሉ። አድመኞች ፋብሪካ በር ላይ ሰልፍ የሚወጡት ከምሳ በፊት ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ሰዓቱን በእኛ፣ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የአገር ቤት ነገር ሲመጣ እናገራለሁ።)

ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የሚያየው «የዛሬውን ዜና» ነው። እውነቱ ግን የሚያየው ማሽኑ ያደረሰውን ያህል ብቻ ነው። ስለ ዜና አሠራር የተጻፉ መጻሕፍት ስለ ባለቤቶች፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ መንግሥት ተጽዕኖ ብዙ ይላሉ፤ ደግ ነው። ስለ ማሽኑ ግን እምብዛም አይናገሩም። እኔ ደግሞ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በማሽኑ በኩል ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

በዚያ ዘመን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ከሄድነው ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የምንተዳደረው ሳህን በማጠብ ነበር፤ እኔ ፊልም አጠብኩ። ከታላላቆቹ ሐይቆች በስተደቡብ ባለች አንዲት የብረት ፋብሪካ ከተማ ውስጥ፣ ከሦስት ጣቢያዎች በተመልካች ብዛት ሦስተኛ የሆነ ጣቢያ ነበር የቀጠረኝ። ሦስተኛ መሆን ጥቅም አለው፤ ሠራተኛ ስለሚያጥር ማንም ማንንም «ይህ ያንተ ሥራ አይደለም» አይልም። ማጠቢያ ክፍል የገባ ሰው ጥቂት ቆይቶ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ይገኛል፤ አንድ ካሜራማን የታመመ ዕለት ደግሞ ካሜራ ይሸከማል።

ለዜና የምንጠቀምበት ባለ 16 ሚሊ ሜትር የቀለም ፊልም ፎቶ ቤት ከምናውቀው ይለያል። የፎቶ ቤቱ ፊልም ሲታጠብ ኔጋቲቭ ይወጣዋል፤ ከዚያ የፈለጉትን ያህል ማሳተም ነው። የዜና ፊልም ኔጋቲቭ የለውም። ካሜራው ውስጥ የገባው ያው ፊልም ራሱ ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ አየር ላይ ይውላል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚባል ነገር የለም። ማሽኑ ውስጥ ቢጫር ተጫረ፣ ቢበጠስ ተበጠሰ፤ የኬሚካሉ ሙቀት ከተዛነፈ ደግሞ ከንቲባው አረንጓዴ ሆነው ይወጣሉ። ፊልሙ ጨለማ ውስጥ ከገንዳ ወደ ገንዳ ሲሄድ አጣቢው የሚያየው ነገር ስለሌለ በጆሮው ነው የሚሠራው። የማሽኑ ድምፅ ትንሽ ከተቀየረ አንድ ቦታ ላይ ፊልም እየተጠመጠመ ነው ማለት ነው። ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ኮምጣጤ ፋብሪካ የምሠራ ይመስለው ነበር።

ካሜራማኑም ቢሆን በፊልሙ ርዝመት ይገዛ ነበር። ቤል ኤንድ ሃዌል የሚሠራው ፊልሞ የተባለው ትንሽ ካሜራ ድምፅ አይቀዳም፤ የሚይዘው 100 ጫማ ፊልም ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሮጥ 100 ጫማ ማለት 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ማለት ነው። ባትሪም የለውም፤ በእጅ የሚጠመዘዝ ሞላ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ አንዴ የተሞላውም ግማሽ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ቀጥ ይላል። ድምፅ የሚቀዳው ትልቁ ካሜራ 400 ጫማ ይይዛል፤ 11 ደቂቃ። ለአንድ ሰዓት ተኩል ስብሰባ 11 ደቂቃ ፊልም! ስለዚህ የዚያ ዘመን ካሜራማን ከመቅረጹ በፊት ይመርጥ ነበር። የቆዩትን ሲሠሩ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የከተማው ምክር ቤት በተሰበሰበ ቁጥር ከእኛ ካሜራማኖች አንዱ ካሜራውን አነጣጥሮ፣ ጣቱን ከማስነሻው አርቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ተናጋሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ያ ሰው ዓይኑን ይገልጣል፣ ካሜራውም ይነሳል። ፖለቲከኛ ወረቀቱን ሲያስቀምጥ እውነተኛ ነገር ሊናገር ነው ብሎ ያምናል፤ አብዛኛውን ጊዜ አልተሳሳተም።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። ፊልም ካሜራ ውስጥ አይፈስም፤ እየቆመ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ ፍሬም ከሌንሱ ጀርባ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፣ ብርሃን ይመታዋል፣ ከዚያ ተጎትቶ ሌላው ይተካዋል። ይህ በሰከንድ 24 ጊዜ ይሆናል። ድምፅ ደግሞ እየቆመ በሚሄድ ነገር ላይ አይቀዳም፤ ሳይዛነፍ የሚፈስ ይፈልጋል። ሁለቱን ሥራ አንድ ቦታ ላይ መሥራት ስለማይቻል መሐንዲሶቹ የድምፁን መቅጃ ከሌንሱ አርቀው፣ ፊልሙ ከመንገጫገጩ ተረጋግቶ በሚፈስበት ቦታ ላይ አደረጉት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 28 ፍሬም ነው። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ቡናማ ቀጭን የማግኔት መስመር አለ፤ የተናጋሪው ድምፅ በዚያ መስመር ላይ የሚገኘው ከገዛ አፉ ምስል 28 ፍሬም ቀድሞ ነው። ማጫወቻውም በዚሁ ርቀት ስለተሠራ ፊልሙ ሳይቆረጥ ከሄደ ድምፅና ምስል ይገጥማሉ። ጉዱ የሚመጣው መቀስ ሲነካው ነው።

የምክር ቤቱ አባል ተናግሮ ሲጨርስ የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ እንዲቀጥል ፈለግን እንበል። ሁለቱን ቁራጮች እንቀጥላለን። መቀጠያው ሌንሱ ጋ ሲደርስ ምስሉ ወዲያው ይቀየራል፤ ድምፁ ግን ገና 28 ፍሬም ይቀረዋል። ከአንድ ሰከንድ ለሚበልጥ ጊዜ የሚታየው የማኅበሩ መሪ ነው፣ የሚሰማው ግን የምክር ቤቱ አባል። መሪው ቀደም ብሎ የተናገረውንና እኛ የጣልነውን ዓረፍተ ነገር ጫፍ አፉ ሲያንቀሳቅስ ይታያል፤ ከአፉ የሚወጣው የሌላ ሰው ቃል ነው። አንድ ሰከንድ ምን አላት ሊባል ይችላል። ሰው ግን የሌላ ሰው አፍ ላይ ዓይኑ አይሳሳትም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። በየምሽቱ እንዲህ ያለ ነገር ያሳየ ጣቢያ መሳቂያ ይሆናል።

መፍትሔው ሁለተኛ ጥቅል ነበር። ተናጋሪዎቹ ያሉበት ዋናው ጥቅል «ኤ ሮል» ይባላል፤ በአንዱ ማጫወቻ ላይ ይጫናል። በሁለተኛው ማጫወቻ ላይ ድምፅ የማያስፈልጋቸው ምስሎች ይጫናሉ፦ ማስታወሻ የሚይዝ ጋዜጠኛ፣ አገጩን የተደገፈ አዳራሽ የሞላ ሰው፣ የፋብሪካው ጭስ መውጫ። ሁለቱ ማጫወቻዎች አብረው ይነሳሉ። መቀጠያው ሲቃረብ ዳይሬክተሩ ወደ ሁለተኛው ይቀይራል፤ ተመልካቹ የሚያዳምጡ ሰዎችን ያያል፣ አፍና ድምፅ ሲገጥሙ ይመለሳል። ይህ ሁለተኛው ጥቅል «ቢ ሮል» ነው። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ የሚሠራ የአዲስ አበባ ወጣት «ቢ ሮል አነሰኝ» ሲል ሳያውቀው የሚጠራው ያንን ማጫወቻ ነው።

የኤዲቲንግ ክፍላችን ኃላፊ በጦርነቱ ጊዜ ለሠራዊቱ ፊልም ሲቀርጹ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ካሜራማኖቹ ሲወጡ በር ላይ ቆመው «የሚያዳምጥ ሰው ሳትይዙ እንዳትመለሱ!» ይሏቸው ነበር። ያለ አዳማጭ ምስል ምንም ነገር መቁረጥ አይቻልማ። ካሜራው አንድ ብቻ ስለሆነ ጋዜጠኛው ሲያዳምጥ የሚታየው ምስል ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው ቃለ ምልልሱ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዳው ኮቱን ለብሶ ሄዷል፤ ጋዜጠኛው ባዶ ወንበር እያየ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጥያቄዎቹን እንደገና ይጠይቃል። አንዳንዱ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ደፋር ይሆናል። ይህ የሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ በደፋሩ ጥያቄና በለዘብተኛው ጥያቄ ለተሰጠ መልስ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልካቹ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቢ ሮል የተፈጠረው ከአንድ ሰከንድ እምብዛም የማይበልጥ ክፍተት ለመሸፈን ነው። ግን አንድ ሰከንድ የሚሸፍን ምስል ግማሽ ሰዓትም ይሸፍናል። የአዳማጭ ፊት ጣልቃ ከገባ በኋላ በፊቱና በኋላው ባለው ንግግር መካከል አንድ ትንፋሽ ይሁን አሥር ዓረፍተ ነገር ተጥሎ እንደሆነ ማን ያውቃል? ጠረጴዛዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ በልብስ መስቀያ ዓይነት ጥፍር የተንጠለጠሉ ቁራጭ ፊልሞች ነበሩ፤ ከሥራቸው የጨርቅ ከረጢት አለ። የተጣለው ሁሉ እዚያ ይወድቃል። ከምሽቱ ዜና በኋላ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ከተላለፈው ሁልጊዜ ይበልጥ ነበር። ሽማግሌው ከረጢቱን እስከ ማግስቱ ቀትር አያስደፉም። «ሰውዬው ስልክ ደውሎ ‹እንዲህ አላልኩም› ካለ የት ልናገኘው ነው?» ይላሉ። ይደውሉ ነበር። የከተማ ጣቢያ ትልቁ ባሕርይ ይሄ ነው፤ የቆረጥከው ሰው ነገ ዳቦ ቤት ያገኝሃል።

ዜናው አየር ላይ ሲወጣ የነበረውን ጭንቀት ባጭሩ ልናገር። የፊልም ማጫወቻ ተነስቶ ፍጥነቱን እስኪይዝ ሰከንዶች ይፈልጋል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሱ በፊት፣ ስክሪፕቱ ላይ በተሰመረበት ቃል ላይ፣ ማጫወቻው እንዲነሳ ያዛል። አንባቢው ከቃሉ በኋላ እንደተጻፈው ከሄደ ምስሉ በሰዓቱ ይመጣል። ከራሱ አንድ ቀልድ ከጨመረ ምስሉ ቀድሞት ይገባል፤ ከዘለለ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥሩ ቁጥሮች ይታያሉ። አንባቢዎች ድርቅ ያሉ ይመስሉ የነበረው ለዚህ ነው። ግርማ ሞገስ መስሎን ያደግነው ነገር ግማሹ የማጫወቻው ሞተር ነው።

ማሽኑን ብቻ መክሰስ ግን አያዋጣም። ማጫወቻዎቹ ባሉበት ክፍል ውስጥ አንድ ስላይድ ማሳያም ነበር። «ይቅርታ፣ የቴክኒክ ችግር አጋጥሞናል» የሚለው ጽሑፍ የሚወጣው ከእሱ ነው። የአሜሪካን የከተማ ቴሌቪዥን ታሪክ በሁለት ስላይድ መተረክ ይቻላል። አንደኛው በሚሲሲፒ፣ ጃክሰን ከተማ ነው። እዚያ የነበረው ደብሊው ኤል ቢ ቲ የተባለ ጣቢያ በ1955 የጥቁሮች መብት ጠበቃ የሆነው ተርጉድ ማርሻል በብሔራዊ ሥርጭት ላይ ሲቀርብ «ይቅርታ፣ የኬብል ችግር» የሚል ስላይድ አወጣ። ኬብሉ ደኅና ነበር። በጣቢያው ክልል ከሚኖረው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነው። የአሜሪካ ጣቢያ የሚሠራው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም የሚሰጠው አካባቢውን ለማገልገል ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት በጎ ፈቃደኞችን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ የሚተላለፈውን እያስመዘገበ ጣቢያውን ከሰሰ። በ1966 ፍርድ ቤቱ ተራ ተመልካችም ስለ ጣቢያ ፈቃድ የመከራከር መብት አለው ብሎ ወሰነ፤ በ1969 የጣቢያው ፈቃድ ተሰረዘ። በ1972 ጣቢያውን እንዲመራ የተሾመው ዊልያም ዲልዴይ በአገሪቱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው።

ሁለተኛው ስላይድ ቨርጂንያ ውስጥ ነው። በ1959 ማክስ ሮቢንሰን የተባለ ወጣት በፖርትስመዝ ከተማ ዜና እንዲያነብ ተቀጠረ። ድምፁ ይሰማል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የጣቢያው ምልክት ያለበት ስላይድ ነው። ፊቱ ጥቁር ስለሆነ። አንድ ምሽት ዘመዶቹና ወዳጆቹ እንዲያዩት ስላይዱ እንዲነሳ አደረገ፤ በማግስቱ ተባረረ። ይኸው ሰው በ1969 ዋሽንግተን ውስጥ ዋና የዜና አቅራቢ ሆነ፣ በ1978 ደግሞ ከኤ ቢ ሲ የምሽት ዜና ሦስት አቅራቢዎች አንዱ። እኔ ምድር ቤት ውስጥ ሆኜ እነዚህን ታሪኮች ከጥቁር ባልደረቦቼ ስሰማ በጣቢያችን ከምድር ቤት በላይ ስንት ጥቁር እንዳለ መቁጠር አላስፈለገኝም።

የአገር ቤቱን ነገር እዚህ ላይ ላምጣው። ዜና ክፍሉ ጥግ ላይ ቀን ከሌት ወረቀት የሚተፉ የዜና ወኪሎች ቴሌታይፖች ነበሩ፤ ከባድ ዜና ሲመጣ ደወል ይደውላሉ፣ አምስት ጊዜ ከደወለ ሰው ከወንበሩ ይነሳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. (በአገራችን አቆጣጠር) ሥራ ስገባ ሽማግሌው ኤዲተር ረጅም የቴሌታይፕ ወረቀት አጣጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። «ና ልጄ፣ ይህ የአንተ ነው» አሉኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደዋል። ለዚያ ምሽት ፕሮዲውሰሩ የሰጠው ጊዜ 20 ሰከንድ ነው፤ ከመምህራን የደመወዝ ድርድር በኋላ፣ ከአየር ጠባዩ በፊት። ከአንባቢው ትከሻ በላይ የጃንሆይ ፎቶ ያለበት ስላይድ ወጣ፣ ወረደ። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ፕሮዲውሰሩን አልወቅሰውም። የዓለም ዜና የብሔራዊዎቹ ነው፣ እኛ የከተማው ነን፤ የዚያች ከተማ መምህር ደሞዙን ከእኛ ካልሰማ ከማን ሊሰማ ነው?

ያን ጊዜ ያላወቅሁት ከአንድ ቀን በፊት፣ በዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሆነውን ነው። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1973 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ያስደነገጠ ነው። ደርግ ይህን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ ግን እንዳለ አይደለም። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱ ግብዣና ምቾት እየገባ ነው የታየው። በማግስቱ ጠዋት ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ከማዘጋጃ ቤት ሥራ ሲጀምር ሥርጭቱ የሚደርሰው አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነበር፤ በስሙ የአገር፣ በአቅሙ የአንድ ከተማ ጣቢያ። የዚያን የዕንቁጣጣሽ ምሽት ታሪክ በዝርዝር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ሌሎች ስለ ፖለቲካው ሲያወሩ እኔ የማስበው ስለ ኤዲተሩ ነበር። ረሃቡም እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው፤ አንድም የውሸት ፍሬም የለም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሦስተኛ ነገር ይናገራሉ፣ ያንን ሦስተኛ ነገር ማንም በካሜራ አልቀረጸውም። መቀጠያው ላይ የተወለደ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በዚያ ምሽት ያየው በየምሽቱ ጠረጴዛዬ ላይ የምሠራውን ሥራ ነበር፤ እኔ የምሠራው ስለ ውኃ ቱቦ ነው እንጂ።

ፊልም ሲሞት ግን በመቀስ የተነሳ አልሞተም፤ በፍጥነት ነው የተቀደመው። ሶኒ ዩማቲክ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት በ1971 አወጣ። በ1974 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው ኬ ኤም ኦ ኤክስ ጣቢያ ፊልምን ከዜና ሙሉ በሙሉ በማስወጣት የመጀመሪያው ሆነ። በ1976 አር ሲ ኤ ቲኬ 76 የተባለ በትከሻ የሚያዝ የቪዲዮ ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ እንደኛ ያሉ ሦስተኛ ጣቢያዎችም ተከተሉ። ካሴት አይታጠብም። ካሜራማኑ እንደገባ ይታያል። 9 ሰዓት ተኩል የነበረው ድንበር ወደ 11 ሰዓት ተገፋ፤ ማይክሮዌቭ አንቴና ያለው መኪና ሲመጣ ደግሞ ድንበር የሚባለው ጨርሶ ቀረ። መኪናው ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ምሰሶ አለ፤ አንቴናው በከተማው ረጅም ሕንፃ ላይ ያለውን መቀበያ በቀጥታ ማየት አለበት። ምሰሶውን ከመስቀሉ በፊት ሠራተኛው ቀና ብሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን ያያል። ይህን የረሳ ሰው ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ቀጥታ ሥርጭት ምን እንደሚያመጣ አሜሪካ ያየችው በግንቦት 17 ቀን 1974 ነው። ፓትሪሻ ኸርስት የተባለችውን ወጣት ያገተው የታጠቀ ቡድን ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ቤት ውስጥ ተከበበ። ኬ ኤን ኤክስ ቲ የተባለው ጣቢያ በአዲሱ ተንቀሳቃሽ ካሜራ ተኩሱን እየሆነ ሳለ ለአገሩ ሁሉ አሳየ። ቤቱ ተቃጠለ፤ ስድስት የቡድኑ አባላት ሞቱ። ተመልካቹ ወጣቷ እሳቱ ውስጥ አለች ብሎ ትንፋሹን ይዞ ነበር። እሷ ግን ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ያንኑ ሥርጭት ታይ ነበር። ሁሉም አየ፣ ምን እያየ እንደሆነ ያወቀ ግን አልነበረም።

ዜና ክፍሉ ቀጥታ ሥርጭትን ሲያገኝ የማደንቀው ነገር ብዙ ነው፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በሰዓቱ ሲደርስ ሕይወት ያድናል። የማልወደው ግን መኪናው ውድ ስለሆነ በየምሽቱ መሥራት አለበት መባሉ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ዜና ላይ አንድ ጋዜጠኛ በጨለማ ውስጥ ፍርድ ቤት ደጃፍ ይቆማል። ፍርዱ የተሰጠው ቀትር ላይ ነው፤ ሕንፃው ተዘግቷል፤ ዘበኛውም ገብቷል። ጋዜጠኛው ግን «በቀጥታ» ነው። ቀኑን ሙሉ ማጣራት የሚችልባቸውን ሰዓታት መኪና ውስጥ ሲያሳልፍ ውሏል። ፊልም ገንዳ ውስጥ እያለ ማንም ሊያፋጥነው ስለማይችል ጋዜጠኞቻችን ያንን ጊዜ በስልክ ላይ ያሳልፉ ነበር፦ ስም ማጣራት፣ ሌላኛውን ወገን ማግኘት፣ «እርግጠኛ ነህ?» ማለት። ማንም ይህን ጊዜ ለማሰቢያ ብሎ አልመደበውም፤ ኬሚካሉ ነው የሰጠን። ካሴቱ ሲመጣ ጊዜው ተወሰደ፣ በምትኩም ማንም ሌላ ጊዜ አልመደበም። ለዜና ጥራት መውረድ አማካሪዎችን፣ ፀጉር አሠራርንና የስቱዲዮ ሳቅን የሚወቅሱ ብዙ ናቸው፤ እኔ ከእነሱ ሁሉ በፊት ያቺን የጠፋች ሰዓት አስቀምጣለሁ።

ብር የተባለው ማዕድንም ፊልምን ለመግፋት እጁ ነበረበት። ፊልም የሚሠራው በብር ነው። በጥር 1980 የብር ዋጋ በግምት ንግድ ተገፍቶ በአንድ አውንስ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ የፊልም ዋጋም አብሮ ወጣ። በማጠቢያው ገንዳ ውስጥ የሚቀረውን ብር ለቅሞ መሸጥ ጣቢያዎች የለመዱት ነገር ነው። በዚያ ክረምት ግን የሒሳብ ክፍል ሰዎች ምድር ቤት ወርደው ሲጎበኙን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ካሴት ሌላም ጠባይ አለው፤ ሊጠፋና እንደገና ሊቀዳበት ይችላል። ፊልም አንዴ ከተላለፈ ለሌላ ነገር ስለማይውል ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ፣ ቀኑ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በብዙ ከተሞች እነዚያ ቆርቆሮዎች ኋላ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለመዛግብት ቤቶች ተሰጥተዋል፤ የአትላንታው ደብሊው ኤስ ቢ ፊልሞች ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፣ ያ «የኬብል ችግር» ያለበት የጃክሰን ጣቢያ ፊልሞችም በሚሲሲፒ የመዛግብትና የታሪክ መሥሪያ ቤት ናቸው። ካሴቱ ግን ገንዘብ ነው። በእኛ ጣቢያ አንድ ካሴት ጀርባው ላይ አምስትና ስድስት የተሰረዘ ርዕስ ይኖረዋል፤ እሳት፣ ምክር ቤት፣ እግር ኳስ፣ እንደገና ምክር ቤት። በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ሰው ካሴቶቹን በጋሪ ገፍቶ ማጥፊያ ማግኔቱ ላይ ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ በዚያች ከተማ የ1960ዎቹን አድማ ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ያገኛል፤ ፋብሪካው የተዘጋበትን ቀን ማየት የሚፈልግ ግን ጋዜጣ ማንበብ አለበት።